መሣሪያው የእኔ ነው

ኦቦ ደደፎ መሞታቸውን የሰማሁት የአንዲት ነፍሰ ጡር ደም ግፊት እየለካሁ ሳለ ነው። የደወለችልኝ አስካለ ናት፤ አሰላ ስሠራ አጥር ለአጥር የነበርን ጎረቤቴ። "ሲስተር፣ ሽማግሌው አረፉ እኮ" አለችኝ። የትኛው ሽማግሌ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ አሰላ ውስጥ ለእኔ ያሉት ሽማግሌ አንድ ናቸው። ትናንት ሞተው ትናንትናውኑ መቀበራቸውን ነገረችኝና "ያ ያንቺ ውሻ ነገር ባይኖር እኮ ምን የመሰለ ስም ነበራቸው፤ ነፍስ ይማር" አለች። የሴትዮዋን ግፊት ሦስት ጊዜ ለክቼ ሦስቱንም ጊዜ ቁጥሩ ጠፋኝ። በመጨረሻ ባልደረባዬን ጠራሁና እሷ ለካችላት።

ያ ያንቺ ውሻ ነገር። ስለዚያ ነገር እውነቱን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን። አንዱ ተቀበሩ። አንዷ ባለቤታቸው አዴ ፋጡማ ናቸው። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ምላስ እንደሌለው ሰው አፌን ዘግቼ ስንት ዓመት ኖርኩ። ምላስ አጥቼ ግን አይደለም። የሚያውቀኝ ሁሉ የሚያማኝ በምላሴ ነው፤ የተናገርኩት እንጂ ያልተናገርኩት አያስከስሰኝም ብዬ የማምን ሴት ነበርኩ።

አሰላ የገባሁት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ተመድቤ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆንኩ ብርዱ አልከበደኝም፤ የጭላሎ ንፋስ ለእኔ የአገሬ ንፋስ ነው። የከበደኝ ቋንቋው ነበር። ከገጠር የሚመጡት እናቶች አብዛኞቹ አማርኛ አይሰሙም፣ እኔ ደግሞ ከኦሮምኛ የማውቀው "አካም" የሚለውን ሰላምታ ብቻ። ኦቦ ደደፎ፣ ከምከራየው ቤት ጀርባ የሚኖሩ ጡረተኛ፣ በር ላይ ቆሜ ይህን ስነጫነጭ ሰምተው ኖሮ በማግስቱ ማለዳ መጡና "ምጥ ጪኒንሱ ነው። ቀስ በይ ለማለት ሱታ በያት። በእነዚህ ሁለት ቃል ሠላሳ ዓመት ላም አዋልጃለሁ፤ ለአንቺም አያንስሽም" አሉኝ። ከላም ጋር ሲያስተካክሉኝ ደሜ ፈላ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ምጥ ላይ ያለች ልጅ እጅ ይዤ "ሱታ፣ ሱታ" አልኳትና ዓይኗን ከፍታ እኔን አየችኝ። ከዚያ ወዲያ ኦቦ ደደፎን ማክበር ጀመርኩ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ክረምት ከበጋ አንድ ቡኒ ካፖርት ይለብሳሉ። አንድ ነገር ሲጠየቁ ቶሎ አይመልሱም፤ ጨርቅ ገበያ ላይ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው አውራ ጣታቸውን በሌባ ጣታቸው ላይ ያሻሉ፣ ያሻሉ፣ ከዚያ ይናገራሉ። እኔን የመሰለ ችኩል ይህ እንዴት እንደሚያበሽቀው አልነግራችሁም።

የመንግሥት የእንስሳት ጤና ረዳት ሆነው ከበቆጂ ደጋ እስከ ዴራ ቆላ ከብት ሲከትቡ ኖረዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላም ሰው አልተዋቸውም። በተለይ ወይፈን ማኮላሸት ከሆነ ከእሳቸው በላይ እጅ የለም ይባላል። መሣሪያቸው በርዲዞ የሚሉት ትልቅ የብረት ጉጠት ነው፤ ቆዳውን ሳይቀድ ውስጥ ያለውን ሥር ቀጥቅጦ ይዘጋዋል። መያዣውን በቀይ ላስቲክ ጠምጥመውታል፤ የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ያንን ቀይ ላስቲክ ያውቀዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ከየገጠሩ የመጣ ሰው በራቸው ላይ ይሰበሰባል።

ሥራቸውን አይቻለሁ። ወይፈኑን ሦስት ጊዜ ይዞሩታል። ከዚያ ባለቤቱን "ሚስትህ ተስማምታለች?" ይሉታል። በዚህ ጥያቄ የማይስቅ ገበሬ የለም። እሳቸው ግን አይስቁም፤ አልተስማማችም ካለ ሂድና ጠይቃት ብለው ይመልሱታል። አንድ ቀን አቶ ሁሴን የሚባሉ፣ ከበቆጂ መንገድ የሚመጡ ደንበኛቸው፣ ገና ጎረምሳ ወይፈን ይዘው መጡ። ኦቦ ደደፎ ጣታቸውን አሻሹና "ሁሴን፣ ቀንበር የሚሸከመው ምንድን ነው?" አሏቸው። "አንገት" አሉ አቶ ሁሴን። "ታዲያ የዚህ አንገት የት አለ? ሻኛው የት አለ? አሁን ብነካው ዕድሜውን ሁሉ ጥጃ ሆኖ ይቀራል። የከርሞ ሰው ይበለንና አምጣው።" አቶ ሁሴን ያን ሁሉ መንገድ የነዱትን ወይፈን መልሰው ነዱት። አላኮረፉም። እኔ አጥር ላይ ሆኜ በእሳቸው ፈንታ አኮረፍኩ። ኦቦ ደደፎ አዩኝና "ኢንተላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። መመለሻ ግን የለውም። መመለሻ ለሌለው ሥራ መቸኮል ነውር ነው።"

ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ቤቴ ሁለት ጊዜ ሊሰበር ተሞከረ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከገጠር ቡችላ አመጣችልኝ፤ ጥቁር፣ ደረቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ መዳፉ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠን። መከታ አልኩት። ኦቦ ደደፎ መዳፉን አይተው "ይሄ ግዙፍ ነው የሚሆነው" አሉ፤ እውነትም በአምስት ወሩ ጉልበቴን አለፈ። እኔ ሲመሽ ስመጣ ከበር ጀምሮ እግሬ ሥር ይንከባለላል፣ ሆዱን ካላከኩለት አያሳልፈኝም። ሰው በሌለኝ ከተማ ቤት ስገባ የሚደሰትብኝ ፍጥረት አገኘሁ። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ያደረግኩትን በማን ላይ እንዳደረግኩት እንድታውቁት ነው።

ሰባት ወር ሲሞላው ባሕርዩ ተለወጠ። አስካለ ሴት ውሻ ነበረቻት። ያቺ ውሻ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ሲደርስ መከታ እህል ተወ፣ አጥር ዘለለ፣ የአስካለን የጎመን መደብ ደረመሰ፣ ከሰፈር ውሾች ተናክሶ ጆሮው ተቀዶ መጣ። አስካለ ጨዋታ አታውቅም። "ሲስተር፣ አንድ ቀን መርዝ ቢበላ ከእኔ እንዳትይዥው" አለችኝ። እንደምታደርገው አውቃለሁ፤ ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ ውሻ እንዴት እንደሞተ ሰፈሩ ያውቃል። ሮጬ ኦቦ ደደፎ ዘንድ ሄድኩ።

"ያኮላሹልኝ" አልኳቸው።

ጣታቸውን አሻሹ። አሻሹ። "ገና ነው" አሉ።

"ምኑ ነው ገና? ወንድነቱን አጥር ላይ አይተነው የለም እንዴ?"

"ወንድነቱ ደርሷል፤ አጥንቱ አልደረሰም። ትንሽ ውሻ ቢሆን አሁንም ግድ የለኝም። ይህ ግን ትልቅ ነው የሚሆነው፤ አጥንቱን የሚዘጋው ከዚያው ከወንድነቱ የሚመጣው ነው። ቀድመሽ ከወሰድሽበት እግሩ ያለ ልክ ይረዝማል፣ ጉልበቱ ይላላል። ዓመት ይሙላው፣ ሲቻል ዓመት ከመንፈቅ።"

"እስከዚያ አስካለ ትገድለዋለች።"

"እስከዚያ አጥርሽን እናጥራለን" አሉ።

ይህን ብለው ከካፖርታቸው ኪስ አንድ ሲባጎ አወጡ። የመከታን የፊት እግር ከመዳፉ እስከ ትከሻው ለኩና ሲባጎው ላይ ቋጠሮ አሰሩ። በየወሩ እየመጡ ለኩ፤ በየወሩ አዲሱ ቋጠሮ ከበፊተኛው ከፍ ይላል። "ሁለት ቋጠሮ አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍ ቀኑ ደረሰ ማለት ነው። ያኔ ራሴ አዳማ ወደማውቀው ሐኪም እወስደዋለሁ፤ በማደንዘዣ፣ በምላጭ፣ በመስፊያ ነው የሚሠራው። ይህ የእኔ ጉጠት የከብት ነው፤ ለውሻ አልተሠራም" አሉኝ። ይህችን የመጨረሻይቱን ዓረፍተ ነገር ሰምቻታለሁ። አልሰማሁም የምልበት ምክንያት የለኝም።

ሌላ ነገርም ነበር። ኦቦ ደደፎ አጥባቂ ሙስሊም ናቸው። ውሻ ከነካቸው፣ በተለይ ምራቁ ካረፈባቸው፣ ሰባት ጊዜ ይታጠባሉ፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው። መከታ ደግሞ ሰው ሳይልስ የማያሳልፍ ውሻ ነው። እግሩን ለክተው ሲጨርሱ ቧንቧዬ ሥር ቁጢጥ ይላሉ፤ አንድ፣ ሁለት እያሉ በዝግታ ሰባት ይሞላሉ። አፈሩን ንጹሕ መርጠው በጣሳ ራሳቸው አምጥተው ቧንቧው አጠገብ አስቀምጠው ነበር። "ይቅርብዎት፣ እኔ እለካዋለሁ" ስላቸው "የምታጠበው ባልለካው ይሻለኛል ብዬ አይደለም፤ ስለምለካው ነው እንጂ" ብለው ሳቁብኝ። ከሰፈሩ ሰው ማንም ለውሻ ሲል ይህን ያህል ሲደክም አላየሁም።

አጥሩን አብረን አጠርን። መከታ በታች ቆፍሮ ወጣ። ድንጋይ ሞላንበት። በላይ ዘለለ። በሰንሰለት ላስረው ሞከርኩ፤ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ የአስካለን ልጅ ከእንቅልፍ ቀሰቀሰው፣ ይህም ሌላ ጠብ ሆነ። ዘጠኝ ወር ከሞላው በኋላ ሴቷ ውሻ ሰዓቷ ደግሞ ደረሰ መሰለኝ፣ አስካለ አጥሩ ላይ ቆማ "ነገ ዛሬ አልልሽም፣ ሲስተር" አለችኝ። ኦቦ ደደፎ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የመጡባቸውን ገበሬዎች ሸኝተው፣ ኦጎልቾ የምትኖር እህታቸው ታማባቸው እሷ ጋ ሄደዋል። ስልካቸው አይሠራም።

እዚህ ላይ እኔ ብልጥ ሆንኩ። ነርስ አይደለሁ? ስንት እናት የሰፋሁ፣ ስንት ሕፃን የገረዝኩ ሴት፣ አንድ ውሻ ያቅተኛል? ሳይቃጠል በቅጠል አልኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚለውንማ ተረት የሚያስታውሰኝ ማን ነበር? ከጤና ጣቢያችን ማደንዘዣ አንድ ብልቃጥ በኪሴ አድርጌ ወጣሁ፤ መስረቅ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ከዚያ አዴ ፋጡማ ዘንድ ሄጄ "ኦቦ ደደፎ በርዲዞውን ውሰጂ ብለውኛል፣ አንድ ሐኪም ይመጣልኛል" አልኳቸው። አዴ ፋጡማ አንድ ቃል አልጠየቁኝም። ከግድግዳው ላይ አውርደው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። መከታን ወደ ቤት አስገባሁትና እንደ ልማዱ በጀርባው ተንጋለለልኝ፤ ሆዱን የማክክለት መስሎታል። አፉን በፋሻ አሰርኩት፣ እግሩን አሰርኩት፣ አሁንም ጭራውን ይወዘውዛል። መርፌውን ወጋሁት። ጠበቅኩ። ከዚያ ጉጠቱን ገጠምኩና በሁለት እጄ፣ በሙሉ ኃይሌ፣ አንድ ጊዜ ጨመቅኩ።

ስንት ወይፈን ሲሠሩ አጥር ላይ ሆኜ እያየሁ ያላስተዋልኩት ነገር ነበር ለካ። ኦቦ ደደፎ አንዱን ሥር ለብቻ፣ ሌላውን ለብቻ ነው የሚይዙት፤ አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ ያደርጋሉ፣ መሃሉ ሳይነካ ለደም መተላለፊያ ይቀራል። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ፣ ዳር እስከ ዳር፣ ጨፈለቅኩት። ያየሁት ብረቱን እንጂ እጃቸውን አልነበረም።

በማግስቱ አበጠ። በሁለተኛው ቀን ጠቆረ። መከታ አይተኛም፣ አይቀመጥም፣ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። አስካለ ጩኸቱን ሰምታ መጣች፤ ውሻውን አየች፣ ጥግ ላይ የተጋደመውን ቀይ ላስቲክ ያለበትን ጉጠትም አየች። "ውይ፣ ምን ሆነ? ማን ነው እንዲህ ያደረገው?" አለች። እኔም "የኦቦ ደደፎ በርዲዞ ነው" አልኳት። ይህን ነው ያልኩት፣ ሌላ አልጨመርኩም። አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አስካለ ከደጄ ወጥታ ገበያ እስክትደርስ ነገሩ "ሽማግሌው እጃቸው ደከመ፣ የሲስተርን ውሻ ፈጁት" ሆኖ ነበር።

ኦቦ ደደፎ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ወሬው መናኸሪያ ላይ ነው የተቀበላቸው። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በቀጥታ ወደ እኔ ቤት መጡ። አጎንብሰው አዩት። ቁስሉ ላይ ያለችው መስመር አንዲት ብቻ ናት፣ ቀጥ ብላ ከዳር እስከ ዳር የተሰመረች፤ እሳቸው ያቺን መስመር አዩ፣ ቀና ብለው እኔን አዩ፣ መልሰው ወደ ውሻው ዞሩ። ምንም አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ፣ ቢሰድቡኝ ምናለ። አዳማ ላለው ሐኪም ደወሉ፣ የታዘዘውን መድኃኒት ገዝተው መጡ፣ የሞተውን ሥጋ በትዕግሥት አጠቡ፣ መግል አፈሰሱ። ቀን ሦስት ጊዜ ይመጣሉ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቧንቧዬ ሥር ሰባት ጊዜ ይታጠባሉ። የታመመ ውሻ ይልሳል፤ መከታ እጃቸውን ሲልስ አይሸሹም። እጃቸው በብርዱ ውሃ ተሰነጣጥቆ ነበር። ቆሜ አያቸዋለሁ፣ "እኔ ነኝ" ልላቸው እጠጋለሁ፣ ፎጣ አቀብዬ እመለሳለሁ። ስለ መከታ እያለቀስኩ ስለ እሳቸው አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። አስቤያለሁ። ከእሳቸው ይልቅ ስለ ፈቃድ ወረቀቴ አሰብኩ። እኔ ነኝ ካልኩ ማደንዘዣውን ከየት አመጣሽው መባሌ ነው። ማደንዘዣው ከወጣ ሥራዬ ሄደ። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

መከታ በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሞተ። ኦቦ ደደፎ ጉድጓዱን ቆፈሩልኝ።

በዚያው ቅዳሜ አቶ ሁሴን መጡ። ያ የዓመት ቀጠሮ የተሰጠው ወይፈን አሁን አንገቱ ሞልቷል፣ ሻኛው ቆሟል፤ ይዘውት መጥተው ግን የኦቦ ደደፎ በር ላይ ቆሙ። እኔ አጥሩ ሥር ካለው ቧንቧዬ ውሃ እየቀዳሁ ነበር። "ኦቦ ደደፎ" አሉ አቶ ሁሴን፣ መሬት መሬት እያዩ፣ "ገበያው ላይ አንድ ነገር ሰማሁ። የሲስተር ውሻ በእርስዎ እጅ ነው የሞተው ይላሉ። እውነት ነው እንዴ?"

ኦቦ ደደፎ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ቁጣ የለበትም፣ ልመናም የለበትም፤ በሩን ከፍቶ ቀድመሽ ግቢ እንደሚል ሰው ቦታ ሰጡኝ። ጣታቸውን አሻሹ። አሻሹ። ያን ጊዜ ሁሉ የእኔ ነበር። ጀሪካኑ ሞልቶ እግሬ ላይ ፈሰሰ፤ ጎንበስ ብዬ ቧንቧውን ዘጋሁ፣ ቀና አላልኩም።

"መሣሪያው የእኔ ነው" አሉ ኦቦ ደደፎ።

አቶ ሁሴን "አላህ ያውቃል" አሉና ወይፈኑን ይዘው ተመለሱ። ሌላ ቦታ እንዳሠሩት ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ሰው እየቀረ ሄደ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም፤ አርሲ ውስጥ ሽማግሌ አይዘለፍም። ዝም ብሎ መቅረት ብቻ። ኦቦ ደደፎ ቅዳሜ ሲመጣ ያንኑ ካፖርት ለብሰው፣ ቦርሳቸውን እግራቸው ሥር አድርገው በር ላይ ይቀመጣሉ። ከገበያ የሚመለስ ገበሬ ሰላም ብሏቸው፣ ጤና ጠይቋቸው ያልፋል። ስድስት ሰባት ሳምንት እንዲህ ተቀመጡ። አንድ ቅዳሜ ቦርሳው የለም። ቀጥሎ በነበረው ቅዳሜ እሳቸውም አልወጡም። ይህን ሁሉ በመስኮቴ አየሁ። "እኔ ነኝ" የሚል ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ሥራ ላይ "ሱታ" እያልኩ የስንቷን ምጥ አቀለልኩ፣ ያንን ቃል የሰጡኝን ሰውዬ ግን እንዲህ ተመለከትኳቸው።

እኔን አልተለዩኝም፣ ይህ ነው የሚገድለኝ። በዓል ሲመጣ እንኳን አደረሰሽ ሊሉ ይመጣሉ፣ ስታመም አዴ ፋጡማን አጥሚት አስይዘው ይልካሉ። ዝውውሬ ወጥቶ ወደ አገሬ ስመለስ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክመው ሸኙኝ። በአውቶቡሱ መስኮት "ሌላ ውሻ አሳድጊ፣ ኢንተላ ኮ። ቤት ያለ ውሻ አይሆንም" አሉኝ። "እሺ" አልኳቸው። ይቅርታ ለማለት ያ መስኮት የመጨረሻ ዕድሌ ነበር፤ እኔ ግን ስለ መንገዱ አቧራ አወራሁ።

አስካለ በደወለችልኝ ማግስት ፈቃድ ወስጄ ተነሳሁ። በአዲስ አበባ፣ በአዳማ አቋርጬ አሰላ ስደርስ ቀብሩ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ደጃፋቸው ላይ ድንኳን ተጥሎ ወንዶቹ ከውጭ፣ ሴቶቹ ከቤት ተቀምጠዋል። አዴ ፋጡማ ከሳ ብለዋል። አንገታቸውን አቅፌ አለቀስኩ፤ በጆሯቸው "ያኔ የዋሸሁዎት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"በርዲዞውን አውርጄ የሰጠሁሽም እኔ ነኝ" አሉኝ፣ እሳቸውም በጆሮዬ። "ሲመጣ ነገርኩት። አንድ ቃል አልተቆጣኝም። ልጅቷ እንጀራዋን እንዳታጣ፣ ከአፍሽ እንዳይወጣ አለኝ። አልወጣም።"

ለካ ስለ ሥራዬ ያሰብኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ወደ ድንኳኑ ወጣሁ። ሴት ብቻዋን ወንዶች መሃል ስትቆም ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አቶ ሁሴን ከፊት ነበሩ።

"ላንድ አፍታ ስሙኝ" አልኩ። "ያ ውሻ በኦቦ ደደፎ እጅ አልሞተም። እሳቸው ኦጎልቾ ነበሩ። እኔ ነኝ፣ ባለቤታቸውን ዋሽቼ መሣሪያውን ወስጄ፣ በእነዚህ እጆቼ የገደልኩት። ያንን ሁሉ ጊዜ ደብቄ ስማቸውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ከዚያ አንድ አዛውንት ራሳቸውን እየነቀነቁ "ተባረኪ" አሉ። ሌላው ቀጠሉ፤ "ሰው ማለት እንዲህ ነው። ለሟች ብላ ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥታ በራሷ ላይ ትናገራለች።"

"ለሟች ብዬ አይደለም" አልኩ። "እውነቱን ነው። አዴ ፋጡማን ጠይቋቸው።"

"ሐዘንተኛ አይጠየቅም፣ ልጄ" አሉኝ አዛውንቱ በቀስታ።

አቶ ሁሴን ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ሲስተር፣ አላህ ይስጥሽ። ልብሽን አይተነዋል። ግን እኔ ራሴ ጠይቄያቸው በአንደበታቸው ነግረውኛል፤ አንቺም እዚያው ቆመሽ ነበር። ኦቦ ደደፎ ጥፋታቸውን አምነው የተናገሩ ሰው ናቸው፣ ዋሽተው አያውቁም። ዛሬ ሞተው አታስዋሺያቸው።"

አቶ ሁሴን ከወንበራቸው ተነሱና አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው "ከሩቅ ነው የመጣሽው፤ ነይ እዚህ ተቀመጪ" አሉኝ።

ሁሉም በአክብሮት እያየኝ ተቀመጥኩ።